«ሁሉም ደህና?» ብላችሁ በጅምላ አትጠይቁን

ለከፍተኛ ተራራ የቡድን ጉዞ አዘጋጆች፣ ለመሪዎቻችሁ፣ እንዲሁም ቢሮ ቁጭ ብለው መርሐ ግብር ለሚያወጡ ባልደረቦቻችሁ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ቂም ይዤ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከመካከላችሁ አንዱ ባዘጋጀው የስድስት ቀን የተራራ ጉዞ ላይ ነበርኩ። የድርጅቱንም የተራራውንም ስም አልጠራም። አንዱን ብጠራ የቀራችሁት «እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ነገሩ ግን ሁላችሁም ጋ ያለ ነው።

አሥራ አንድ ተጓዦች ነበርን። ሁለት መሪዎች አሉ፤ ዋናውና ረዳቱ። ምግብ አብሳይና ተሸካሚዎችም አሉ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሲያልቅ ዋናው መሪ ይቆምና እጁን ያጨበጭባል። «ሁሉም ደህና?» ይላል። እኛም ባንድ ድምፅ «ደህና!» እንላለን። ከዚያ ጉዞ።

እስቲ ይህችን ጥያቄ አስቧት። ለ«ደህና ነህ?» «ደህና» ማለት እኮ መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ትኩሳት የጣለው ሰው እንኳ መጀመሪያ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይልና ሕመሙን የሚናገረው ቆይቶ ነው። ጫማውን አስሮ፣ ቦርሳውን አዝሎ፣ አሥር ሰው መሀል የቆመ ሰውማ ምን ይበል? «እኔ አይደለሁም» ቢል አሥር ሰው ዞሮ ያየዋል። አሥር ሰው ሊያስቆም ነው።

እኔ ራሴ ዋሽቻለሁ። በሦስተኛው ሌሊት 4,100 ሜትር ላይ አድረን ጠዋት ስነሳ ጭንቅላቴን በገመድ ያሰሩት ያህል ነበር። ከገንፎው ሁለት ማንኪያ ቀምሼ የቀረውን በዘዴ ደፋሁት። መሪው ሲያጨበጭብ ግን «ደህና!» ካሉት ሁሉ የኔ ድምፅ ሳይበልጥ አይቀርም።

እዚያ ከፍታ ላይ እንዴት እንደደረስን ልንገራችሁ። ስንመዘገብ የተሰጠን ወረቀት ሁለተኛው ሌሊት 3,200፣ ሦስተኛው 3,600፣ አራተኛው 4,100 ይላል። ደህና ወረቀት ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ግን መሪው የምሥራች አለኝ ብሎ መጣ። «ቡድኑ ጠንካራ ነው። 3,600 ላይ ማደር አያስፈልገንም፤ ነገ በቀጥታ 4,100 እንገባለን። አንድ ቀን እናተርፋለን።» አጨበጨብን። ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ማደሪያችን በ900 ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። በተራራ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞች ደጋግመው የሚመክሩት ግልጽ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው መኝታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ መብለጥ የለበትም። በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ ባሉበት አንድ ሌሊት መጨመር። ቀን ላይ ከዚያ በላይ ወጥቶ ቢመለሱ ግድ የለም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። የሚቆጠረው የሚተኙበት ነው። ይህን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። መሪያችንም ያውቀዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ያስተማረን እሱ ራሱ ነው።

«ቡድኑ ጠንካራ ነው» የምትለዋ ቃል ናት ጉዱ። ጥንካሬና ከፍታ አይተዋወቁም። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ታችም ላይም ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። 5,500 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለል በግማሽ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም እንዲሁ። ሰውነት ይህን ለመልመድ አተነፋፈሱን ያፈጥናል፣ ኩላሊት የደሙን ሚዛን ያስተካክላል፣ ቀስ በቀስም ደሙ ራሱ ይለወጣል። ይህ ሁሉ ቀናት ይፈልጋል። ጉልበት አያፋጥነውም። ጠንካራ ሰው ሳይለምድ ከፍ ብሎ መድረስ ይችላል፤ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ሯጩም፣ ወጣቱም፣ ባለፈው ዓመት ደህና ወጥቶ የተመለሰውም ሊታመም ይችላል።

ከቡድናችን የመጀመሪያው ታማሚም ሯጩ ነበር። ሁልጊዜ ከፊት፣ ሁልጊዜ ፎቶ አንሺ፣ ዳገት ላይ የሚዘፍን ልጅ። አራት ሺህ አንድ መቶው ላይ በገባን ማታ እራት አልበላም። «ድካም ነው» አለ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ለሽንት ስወጣ ከድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ አገኘሁት። የራስ መብራቱ በርቷል። የጃኬቱን ዚፕ ሊዘጋ ይታገላል። የዚፑን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ይሞክራል፣ ይስታል፣ ደግሞ ይሞክራል። ጫማውን አየሁት፤ ግራና ቀኙን አቀያይሮ አድርጎታል።

ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሳቅሁበት። «እንቅልፍ ይዞሃል፣ ግባና ተኛ» አልኩት። ዚፑን ዘግቼለት ወደ ድንኳኔ ተመለስኩ።

ዛሬ ያ ምን እንደነበር አውቃለሁ። ከፍታ አንጎልን ሲያሳብጥ መጀመሪያ የሚበላሹት እንዲህ ያሉ ትናንሽ ሥራዎች ናቸው። ዚፕ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ የቃል አመራረጥ። ከዚያ አካሄድ። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር አሥር እርምጃ መሄድ ያቃተው ሰው ወዲያው መውረድ አለበት። ጠዋት ሳይሆን ያኔውኑ። ይህ ሙከራ መሣሪያ አይፈልግም፤ መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ ይበቃዋል። መሪያችን ገመድ ነበረው። ድንኳን አስረንበታል።

ጠዋት መጣ። ጭብጨባው ተሰማ። «ሁሉም ደህና?» «ደህና!» ልጁም ብሏል። ሰምቼዋለሁ።

ሁለት ሰዓት እንደተጓዝን እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ጀመረ። ጥያቄ ስንጠይቀው ቆይቶ ይመልሳል፤ መልሱም ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። መሪው አየው። ገባው። ፊቱ ላይ አንብቤያለሁ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ግን ስልኩን አወጣና ቢሮ ደወለ።

አርባ ደቂቃ ቆምን። መጀመሪያ መስመሩ አልገባም፣ ከዚያ ኃላፊው የለም፣ ከዚያ ኃላፊው ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው የመሪውን ብቻ ነው። «እሺ… እሺ… ውሃ ጠጥቷል… አይ፣ አይመስለኝም… እሺ።» በመጨረሻ ረዳቱና አንድ ተሸካሚ ልጁን ይዘው እንዲወርዱ ተወሰነ።

አዘጋጆች ሆይ፣ እዚህች ጋ ቆም በሉልኝ። እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ልጁን የሚያየው መሪው ነው። ከወንበር ላይ ሆኖ በስልክ «ውሃ ይጠጣ» የሚል ሰው አያየውም። ውሃ ጥሩ ነው፤ የአንጎል እብጠትን ግን አያወርድም። የሚያወርደው ቁልቁለት ነው። መውረድ እስኪቻል ኦክስጅንና የሐኪም መድኃኒት ጊዜ ይገዛሉ። በእግር ፓምፕ የሚነፋ፣ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚተኛበት የግፊት ከረጢትም አለ። ውስጡ ያለው ሰው 1,500 ሜትርና ከዚያም በላይ የወረደ ያህል ግፊት ያገኛል። አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። እኛ ጋ ከነዚህ አንዱም አልነበረም። የነበረን የራስ ምታት ክኒንና ፕላስተር ነው።

መሪዎቻችሁን ደመወዝ የምትከፍሏቸው ለውሳኔያቸው ከሆነ ውሳኔውን ስጧቸው። «ሰው ከታመመብህ ሳትደውል አውርድ፣ ኋላ ትነግረናለህ» የሚል አንድ መስመር በውላቸው ላይ ይግባ። ጉዞ አቋርጦ የተመለሰ መሪ በሚቀጥለው ወር ሥራ እንደማይቀንስበት ይወቅ። ያንን ሳያውቅ ስልክ ቢያወጣ እኔ አልፈርድበትም።

ልጁ ዳነ። 700 ሜትር ያህል ሲወርዱ ንግግሩ ተስተካከለ፤ ማታውን ሾርባ ጠጣ። ረዳቱ እንደነገረን የመጨረሻውን ክፍል ተሸካሚው በጀርባው ነው ያወረደው። በጨለማ። ተሸካሚው የራስ መብራት አልነበረውም፤ ያደረገው ደግሞ ሶሉ የተላጠ ስኒከር ነው። መብራቱን የያዘለት የታመመው ልጅ ነበር፣ ከጀርባው ላይ ሆኖ።

ስለ ተሸካሚዎች ካነሳሁ አይቀር። ጠዋት ያ ጭብጨባ ሲጨበጨብ እነሱ ድንኳን እያፈረሱ ነው። «ሁሉም» ውስጥ አይገቡም። ተራራ ላይ ስለሚሠሩ ከፍታ አይነካቸውም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ ግን ቆላ ተወልደው ለሥራ የሚወጡ ናቸው፤ እኛን የሚይዘን ሁሉ እነሱንም ይይዛቸዋል። በዚያ ላይ እኛ ውሃና ጃኬት ይዘን ስንንፏቀቅ እነሱ ጓዛችንን ተሸክመው ይቀድሙናል። ኪሊማንጃሮ ላይ የአንድ ተሸካሚ ጭነት ጣሪያ 20 ኪሎ ነው፤ መግቢያው ላይ በሚዛን ይመዘናል። ሚዛን ትንሽ ዕቃ ናት። ጫማና መብራትም እንደዚያው።

ወደ ቡድኑ ልመለስ፤ የእኛ ታሪክ አላለቀም። ረዳቱ ሲወርድ አሥር ሰው ከአንድ መሪ ጋር ቀረን። 4,700 ሜትር ላይ ያለውን የተራራ በር ልናቋርጥ ነው። በሩ ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው አንዲት የቡድናችን ሴት ማስመለስ ጀመረች። ሦስቴ። መሪው አያት፣ ወደኋላ ዞሮ መንገዱን አየ፣ እኛን አየን። እሷን ይዞ የሚወርድ ሰው አልነበረም። እሱ ከወረደ ዘጠኛችን ያለ መሪ ልንቀር ነው። ሁላችን እንውረድ ቢል ደግሞ ድንኳኖቻችንና ምግባችን ከተሸካሚዎቹ ጋር በሩን አልፈዋል። ስለዚህ ወጣች። የታመመች ሴት፣ መሪ ስላልተረፈ፣ ወደ ላይ ወጣች።

እሷም ደህና ገባች። ዕድል ነው። የመሪ ቁጥር የሚሰላው አንዱ ይወርዳል ተብሎ ነው እንጂ ሁሉም ይደርሳል ተብሎ መሆን የለበትም። ለአሥራ አንድ ሰው ሁለት መሪ ወረቀት ላይ ሲታይ ይበቃል። አንድ ሰው ሲታመም ግን አንድ ይሆናል፣ ሁለተኛ ሰው ሲታመም ዜሮ። ሦስተኛውን መሪ እንደ ትርፍ አትቁጠሩት።

ቀን መቁረጥን በተመለከተ እናንተ ብቻ ጥፋተኛ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። እኛ ተጓዦችም የዓመት ፈቃዳችንን ቆጥረን «በአምስት ቀን አይሆንም ወይ?» የምንል ነን። ሁለት ማስታወቂያ ጎን ለጎን ሲቀመጥ አጭሩን ነው የምንመርጠው፤ ርካሽም ነው። ስለዚህ አንዳችሁ ቀን ስትጨምሩ ገበያው ወደሌላው ይሄዳል። ይገባኛል። ግን እኛ የምናወዳድረው የቀን ብዛትና የጫፉን ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ ሌላ የምናወዳድረው ስላልሰጣችሁን ነው።

ኪሊማንጃሮን እንውሰድ። ጫፉ 5,895 ሜትር ነው። በማራንጉ መንገድ በአምስት ቀን ወጥቶ መመለስ ይሸጣል። የመጀመሪያው ማደሪያ ማንዳራ 2,700 ገደማ ነው። ሁለተኛው ሆሮምቦ 3,700 ገደማ። ሦስተኛው ኪቦ 4,700 ገደማ። በየሌሊቱ አንድ ሺህ አንድ ሺህ። ከዚያ እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነስቶ ወደ ጫፍ። መሪዎቹ «ፖሌ ፖሌ» ይላሉ፤ በስዋሂሊ ቀስ በቀስ ማለት ነው። ምክሩ ወርቅ ነው። ግን መርሐ ግብሩ ራሱ እየሮጠ እግር ቀስ ቢል ምን ዋጋ አለው? በዚያው መንገድ ሆሮምቦ ላይ አንድ ሌሊት የሚጨምር የስድስት ቀን ጉዞ አለ። ማስታወቂያው ላይ የሁለቱ ልዩነት «5 ቀን» እና «6 ቀን» ተብሎ ነው የሚታየው። የየሌሊቱ ከፍታ ጎን ለጎን ቢጻፍ ኖሮ እኔ ነኝ ያለ ተደራዳሪ እንኳ ይገባው ነበር።

ወደ ኤቨረስት ግርጌ የሚሄደውን መንገድ ተመልከቱ። ናምቼ ባዛር 3,440 ሜትር ላይ ናት። ደህና አዘጋጅ እዚያ ሁለት ሌሊት ያሳድራል። ከፍ ብሎ ዲንግቦቼ 4,410 ላይ ደግሞ ሁለት ሌሊት። ተጓዡ «ዛሬ የትም አልሄድንም» ብሎ ሊያጉረመርም ይችላል። ያጉረምርም። ከዲንግቦቼ አጠገብ፣ በጎረቤት ሸለቆ፣ ፌሪቼ የምትባል መንደር አለች። በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር እዚያ ክሊኒክ አለው፤ በጉዞ ወቅት ሐኪሞቹ ከሰዓት በኋላ ስለ ከፍታ ሕመም ለተጓዦች ያስረዳሉ። ትልልቆቹ ተራሮች ጋ ይህ ነገር በንግግር ደረጃ እንኳ እንዲህ ቦታ ተሰጥቶታል።

ትርፍ ቀን ለሌላም ይጠቅማል። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ኔፓል ውስጥ በአናፑርና አካባቢ ድንገተኛ የበረዶ ማዕበል ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ። ብዙዎቹ ያለቁት 5,416 ሜትር ላይ ባለው በቶሮንግ ላ በርና ከሱ ወደ ታች ነው። ተጓዦችም፣ መሪዎችም፣ ተሸካሚዎችም ነበሩበት። የሰማይን ነገር ማንም አያዝም። ግን «ነገ ካላለፍን አውሮፕላን ያመልጠናል» የሚል ቡድን ሰማይ ሲጠቁር ለመቀመጥ ልቡ አይጨክንም።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ። ከናንተ የምለምነው ትንሹ ነገር እሷ ናት፤ ምንም ወጪ የላትም።

በጅምላ አትጠይቁን። ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ መሪው ድንኳን ለድንኳን ይዙር። አጎንብሶ ይግባ። «ራስህን ያምሃል? ትንሽ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ ወይስ ከባድ?» ይበል። «ምግብ ገባልህ? አስመለሰህ? ያዞርሃል? ከወትሮው የባሰ ድካም አለህ?» ጥያቄዎቹ ዝግጁ ናቸው። በ1991 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ሌክ ሉዊዝ ላይ የተሰበሰቡ ሐኪሞች ያወጡት መለኪያ አለ፤ በ2018 ተሻሽሏል። ለእያንዳንዱ ምልክት ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ራስ ምታት ኖሮ ድምሩ 3 ከደረሰ የከፍታ ሕመም ነው፤ ያ ሰው እስኪሻለው ከፍ ብሎ አያድርም። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም ቢኖር ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥሩ ሰውየውን አይተካም። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ጫማውን ካቀያየረ የሚታመነው ጫማው ነው።

ለምን ማታ? ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው አዲስ ከፍታ ላይ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ቀን ደርሰህ ማታ ይጀምርሃል፣ ሌሊት ይብስብሃል፣ ጠዋት ቦርሳህን አዝለህ «ደህና!» ትላለህ። ሳንባ ውስጥ ውሃ የሚቋጥረው ክፉ ዓይነትም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት አድብቶ የሚመጣ ነው፤ ተቀምጠህ እያለ ትንፋሽ ያጥርሃል፣ ሳል አይለቅህም። ያንን የሚሰማው አብሮህ ድንኳን ያለው ሰው ነው። ስለዚህ መሪው ባልደረባህንም ይጠይቅ። «ጓደኛህ ሌሊት እንዴት ነበር?» ቢለኝ ኖሮ ስለ ዚፑ እነግረው ነበር። እየሳቅሁም ቢሆን እነግረው ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ስለ ዳያሞክስ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ከሐኪም ጋር ተማክሮ የሚወሰድ፣ መልመድን የሚያግዝ መድኃኒት ነው። የተቆረጠ ቀን ማካካሻ አድርጋችሁ አትሽጡት። የእንቅልፍ ክኒንና መጠጥማ እዚያ ላይ ትንፋሽ ያዳክማሉ፤ «ለብርዱ ትንሽ ቅመሱ» የሚል መሪ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩት።

ልጁን በቅርቡ አገኘሁት። ለሚመጣው ዓመት ሌላ ተራራ እያየ ነው። አላርፍ አለ። ያገኘውን መርሐ ግብር ላከልኝ፤ ፎቶው ያምራል። ስንት ሜትር ላይ እንደሚታደር ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። «የየሌሊቱን ከፍታ ጠይቃቸው» አልኩት። ለቢሮው ጻፈላቸው። ሁለት ሳምንት ሆነው፤ «ተጓዦቻችን ሁሉ ደህና ሆነው ይመለሳሉ» የሚል መልስ ነው የመጣለት። ድጋሚ ጽፎላቸዋል።

ከሰላምታ ጋር፣
ጫማው የተቀያየረውን ሰው አይቶ የሳቀው ተጓዥ